የቶምና ጄሪዋ ሴትዮ ድምፅ ይመለስ ወይስ ይቅር?

የካሴት ዘመን ልጅ፦ እስቲ ተከራከሩኝ። ቶምና ጄሪ ላይ እግሯ ብቻ የምትታየዋን ሴትዮ ታስታውሷታላችሁ? ወፍራም እግር፣ ሸበጥ ጫማ፣ እጇ ላይ መጥረጊያ። ቶም ዕቃ ሲሰብር «ቶማስ!» ብላ ቤቱን የምታናውጠው። ሰሞኑን ለልጄ ስከፍትለት ድምፁ ሌላ ሆኖብኝ ግራ ገባኝ። ፈልጌ ደረስኩበት። የመጀመሪያዋ ሊሊያን ራንዶልፍ ትባላለች፣ በሬዲዮ ድራማ የታወቀች ጥቁር አሜሪካዊት ተዋናይት። በ1960ዎቹ (የምጽፈው ሁሉ በፈረንጅ ነው) ፊልሞቹ ለቴሌቪዥን ሲዘጋጁ አንዳንዶቹ ላይ ጥቁሯን የቤት ሠራተኛ አውጥተው በነጭ ሴት ተኩ፤ የአየርላንድ ቅላጼ ያለው ድምፅ ከጁን ፎሬይ ተወሰደ። በ1990ዎቹ ደግሞ ሥዕሉን ትተው ድምፁን ብቻ በሌላ ጥቁር ተዋናይት፣ በቲያ ቪዳሌ፣ እንደገና ቀረፁት። እኔ የድሮው ይመለስ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የማርታ እናት፦ ይቅር! ወንድሜ፣ አንተ የምታወራው ናፍቆትህን ነው። እኔ እዚህ አሜሪካ የ7 ዓመት ልጅ አሳድጋለሁ። በ1940 በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ላይ ሴትዮዋ ድመቱን ከቤት አስወጣሃለሁ ስትል «አውት» (ውጭ) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በፊደል ትቆጥረዋለች። ኦ፣ ዩ፣ ቲ በማለት ፈንታ ኦ፣ ደብልዩ፣ ቲ ትላለች። ቀልዱ እሱ ነው፣ «ያልተማረች» ነው። ልጄ ይህን ሰምታ በማን ልትስቅ ነው? የጥቁሮች መብት ተሟጋቹ ኤንኤኤሲፒ ያኔውኑ ተቃውሞ ነበር። ሴትዮዋም ከ1952 በኋላ አልታየችም። ሰዎቹ ራሳቸው የተዉትን አንተ ምን አስጨነቀህ?

የካሴት ዘመን ልጅ፦ እህቴ፣ ቀልዱ መጥፎ ነው፣ እሱ ላይ አልከራከርሽም። ግን ማስተካከያ የተባለውን እዪው። ጥቁሯን ሠራተኛ አውጥቶ የአየርላንድ ቅላጼ ያላት ማስገባት ምኑ ነው ማስተካከል? እዚያ አገር የአየርላንድ ገረድም የቆየች ማላገጫ ነበረች። ከሁሉ የከፋኝ የ1950ው ፊልም ነው። ሴትዮዋ ቅዳሜ ማታ ለብሳ ካርታ ልትጫወት ትወጣለች፣ ቶም ጓደኞቹን ሰብስቦ ቤቱን ጭፈራ ያደርገዋል። በኋላ በተስተካከለው ላይ የምትወጣው ነጭ ወጣት ናት። እንግዲህ ቅዳሜዋንም ቀሟት ማለት ነው።

ጆሮ ጠቢ፦ ሁለታችሁም የረሳችሁት ነገር ስሟ ነው። ራንዶልፍ ቶምና ጄሪ ላይ ስሟ ተጽፎ አያውቅም! የካርቱን ድምፅ ተዋናዩን ሜል ብላንክን ደግሞ እዩት። የባግስ በኒን፣ የዳፊን፣ የፖርኪን፣ የትዊቲን፣ የሲልቬስተርን ድምፅ አንድ ሰው ነው የሠራው። ደመወዝ ይጨመርልኝ ሲል ፕሮዲውሰሩ ሊዮን ሽሌዚንገር እምቢ አለ፣ በምትኩ ስሙ ስክሪን ላይ ይውጣ ተባለ። ገንዘብ አጣ፣ ስም አገኘ። ጎኑ ቆሞ የአዳኙን የኤልመር ፈድን ድምፅ ይሠራ የነበረው አርተር ብራያን ግን ስም የለውም፤ ስንቱ ሰው ነው ኤልመርንም የብላንክ ነው ብሎ የሚምል። ለብላንክማ ተረት ሁሉ አለለት። በ1961 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በመኪና አደጋ ራሱን ስቶ ከረመ። ሰው ቢጠራው አይመልስም። አንድ ቀን ሐኪሙ «ባግስ በኒ፣ ዛሬ እንዴት ነህ?» ሲለው በጥንቸሉ ድምፅ መለሰለት ይባላል። ይህንን ሳነብ እንባዬ መጣ፣ ሳቁብኝ። ድምፅ ማለት ሰው ነው። ራንዶልፍን ስታጠፉ የምታጠፉት ሥዕሉን ሳይሆን ሰውየዋን ነው።

የማርታ እናት፦ ጥሩ አድርገህ ተናገርክ፣ ግን ማነው ያጠፋት? እኔ ነኝ? ያኔ ስሟን ያልጻፉት ናቸው። አሁን ደግሞ ልጄ በዚያ ዕዳ ትክፈል?

ቀጥ ያለ፦ ኧረ ካርቱን ነው ጎበዝ! አጥፉትና ሌላ ክፈቱ።

ጆሮ ጠቢ፦ ቀጥ ያለ፣ አንተ ደግሞ ሁሌ ካርቱን ነው ትላለህ። በ2013 የፊልም ኩባንያው ዋርነር ብራዘርስ ሁለት የቶምና ጄሪ ፊልሞችን አስቀርቶ ብሉሬይ ሊያወጣ ሲል ሰብሳቢዎቹ ተቆጥተው ዲስኩ ሳይወጣ ቀረ። ካርቱን ነው ብለው አልተዉትም።

ሠናይት፣ ከቤሩት፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። እኔ እዚህ በሰው ቤት ሠራተኝነት 6 ዓመቴ ነው። የማሳድገው ልጅ ይህንን ካርቱን ሲያይ እኔም አብሬ አያለሁ። እኔን ያመመኝ ንግግሯ አይደለም፣ ፊቷን አለማሳየታቸው ነው። እንግዳ ሲመጣ እኔም ትሪ የያዘ እጅ ነኝ፣ ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም። ድምፅዋን ግን ወድጄዋለሁ። ስትቆጣ ድመቱም አይጡም ውሻውም ይሸበራሉ፣ ቤቱን የምታዝዘው እሷ ነው የምትመስለው። ያንን ደግሞ ከወሰዱባት ምን ይቀራታል? እግር።

ቀጥ ያለ፦ ይሄ አሳመነኝ።

አባ ጨዋታ፦ ልጆች፣ ፈረንጆቹን ስትወቅሱ የኛንም ቤት እዩ። በየኮሜዲያችን ከገጠር የመጣችው ሠራተኛ ስልክ ሲጮህ ደንግጣ ትሪ ትጥላለች፣ አማርኛዋ ይሰባበራል፣ አዳራሹ በሳቅ ያልቃል። እኔ ራሴ ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ከ30 ዓመት በኋላ ያንን ድምፅ በከተሜ ድምፅ እንቀይረው ቢሉን እሺ እንላለን?

የማርታ እናት፦ ጋሼ፣ እኔ ልጅ ሆኜ በዚያ ቀልድ ቤታችን ውስጥ ማን ዝም ይል እንደነበር አስታውሳለሁ። ለዚህ ነው እምቢ የምለው። ሠናይት፣ ያንቺን ግን ሁለቴ አነበብኩት።

የካሴት ዘመን ልጅ፦ ዋርነር አንዳንድ ዲቪዲዎቹ መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያ አለው፤ ይህ አሳሳል ያኔም ስህተት ነበር ዛሬም ስህተት ነው፣ ግን ቆርጦ ማውጣት ጭፍን ጥላቻው ጭራሽ አልነበረም እንደማለት ነው ይላል። እኔ በዚያ ላይ ስሟ ይጨመር ነው የምለው። መጀመሪያ ላይ፣ በትልቁ። የራንዶልፍ ድምፅ ያለበት አንድ አሮጌ ካሴት እቤት አለኝ፣ እየተንጫጫ ይሠራል።

የማርታ እናት፦ ለልጄ አሁንም አላሳይም። ለኔ ግን ቅዳና ላክልኝ፣ ልስማት።