ሮቦታችን ኬብሉ ሲነቀል ይሞታል፤ ውድድሩ ነገ ጠዋት ነው! (ሐዋሳ)

ቲቸር፦ ወገን ድረሱልኝ። የክለባችን የ7ኛ ክፍል ልጆች መስመር ተከታይ ሮቦት ሠርተዋል። የላፕቶፑ ኬብል ተሰክቶ አሪፍ ይሄዳል። ነቅለን በባትሪ ብቻ ስንለቀው ትንሽ ይነቃነቅና መብራቱ ብልጭ ብሎ ከሀ ይጀምራል። ነገ ከተሸነፍን ልጆቹ ሳይንስ የሚባል ነገር ይጠላሉ።

የታቦር ልጅ፦ ኮዱን እንደገና ጫኑት።

አባ ፊዚክስ፦ መጀመሪያ የኦም ሕግ ይታወቅ! ሞተር ሲነሳ የሚስበው ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ሲዞር ከሚስበው በጣም ይበልጣል። ባትሪው ውስጥ ሬዚስታንስ (ፍሰቱን የሚገታ ነገር) አለ፤ ከረንት ሲበዛ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ አርዱይኖው (ኮዱ የሚጫንበት የሮቦቱ አንጎል) 5 ቮልቱን ሲያጣ ጠፍቶ ይነሳል። እኛ ይህን በጠመኔ ነው የተማርነው።

ሽቦ ፈቺ፦ ምን ዓይነት ባትሪ ነው?

ቲቸር፦ ባለ 9 ቮልቱ፣ አራት ማዕዘኑ። አዲስ ነው!

የሐይቅ ዳር፦ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ውሰዱት፤ የዓሣ ሾርባ ከጠጣ ይነሳል 😂

ሽቦ ፈቺ፦ እሱ ባትሪ ለመልቲሜትር (ለቮልቴጅ መለኪያው) እንጂ ለሞተር አቅም የለውም። ስድስት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ደርድራችሁ ለሞተር ድራይቨሩ (አርዱይኖው ሲያዘው ለሞተሩ ኃይል ለሚያቀብለው ሰሌዳ) ስጡ። አርዱይኖውን በፓወር ባንክ በዩኤስቢ አስነሱት። የሁለቱ ግራውንድ (የኔጌቲቭ ሽቦ) ይገናኝ፤ አለዚያ አይግባቡም። ድራይቨሩ ኤል298ኤን የሚባለው ዓይነት ከሆነ ወደ 2 ቮልት ስለሚበላ አራት ድንጋይ አይበቃም።

የታቦር ልጅ፦ ኮዱን ግን ጫናችሁት?

ማሂ፦ አንዳንድ ፓወር ባንክ የሚሳበው ከረንት ሲያንስ ራሱን ያጠፋል። ዛሬውኑ ሞክሩት።

የተማሪ እናት፦ ሳይንስ ይጠላሉ ያሉት አልገባኝም። ኳስም ሽንፈት አለው፤ ተሸንፎ ኳስ የጠላ ልጅ አላየሁም። የኔ ልጅ ግን አንድ ውድድር ላይ ሽቦ ይዛ ቆማ ዋለች፤ ኮዱን የነኩት ወንዶቹና አስተማሪው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ክለብ አትበሉኝ አለች። መልቲሜትሩን ለልጆቹ ስጧቸውና ቮልቴጁ ሲወርድ ራሳቸው ይዩት።

ቲቸር፦ ልጆቹ ቤት ገብተዋል እኮ እናቴ። ማታ እኔው ላስተካክለው ብዬ ነው።

የተማሪ እናት፦ እሱን እኮ ነው የምለው! ዕቃውን ያዘጋጁና ጠዋት በጊዜ መጥተው ራሳቸው ይግጠሙት።

ሽቦ ፈቺ፦ ልክ ናት። መስመሩን የሚያይበትን ሴንሰርም ውድድሩ ቦታ ላይ ያስተካክሉት፤ ሴንሰሩ የሚያየው በኢንፍራሬድ (ለዓይን በማይታይ ብርሃን) ከሆነ፣ የፀሐይ ብርሃንም እሱ ስላለው ያሳስተዋል። ሴንሰሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው።

ቲቸር፦ እሺ፣ ሱቅ ሳይዘጋ ድንጋይ ልገዛ ወጣሁ።

የታቦር ልጅ፦ ቲቸር፣ እንዴት ሆነ? ኮዱ ነበር አይደል?