ዲኤንኤዝ አጋር ላይ ምንም ያልተዘራበት ቦታ ለምን ጠራ?

ማራኪ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ላይ ከአፍንጫ ስዋብ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለውን ባክቴሪያ ለመለየት ዲኤንኤዝ አጋር (ዲኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም መኖሩን የሚያሳይ ማሳደጊያ) እየሠራን ነው። ዱቄቱን በመመሪያው መሠረት መዝነን፣ በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ለ15 ደቂቃ አውቶክሌቭ አድርገን (በግፊት እንፋሎት አምክነን) ፕሌት ላይ አፈሰስን። በ37 ዲግሪ 24 ሰዓት ከቆየ በኋላ አሲድ ስናፈስበት አጋሩ እንደ ወተት መንጣት ሲገባው ደብዘዝ ብሎ ቀረ። ምንም ያልዘራንበት ጠርዝ ላይ ደግሞ የጠራ ቀለበት ወጣ፤ መሀሉ ላይ ደረቅና የተሸበሸበ ኮሎኒ አለ። የስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ኮንትሮላችንም (መጥራት የሌለበት ማነጻጸሪያ) ዙሪያው በቀጭኑ ጠርቷል። አሲዱን ያዘጋጀነው ከ37 ፐርሰንቱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 37 ሚሊ ሊትር ወስደን፣ በውሃ 1 ሊትር ሞልተን ነው። ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

ቀሃ፦ መጀመሪያ አሲዱ። ባለ 37 ፐርሰንቱ 12 ኖርማል (የአሲድ ጥንካሬ መለኪያ) ገደማ ስለሆነ ያዘጋጃችሁት 0.45 ኖርማል ብቻ ነው፤ የሚያስፈልገው 1 ኖርማል ነው። 83 ሚሊ ሊትር ለክታችሁ 900 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ላይ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ከዚያ 1 ሊትር ሙሉ። ውሃውን አሲዱ ላይ እንዳታፈሱ፣ ይፈናጠራል። ሙሉው ዲኤንኤ በአሲድ ይረጋና አጋሩን ያነጣዋል፤ ኢንዛይሙ የቆራረጠው ግን ሟምቶ ስለሚቀር ቦታው ይጠራል። አሲዱ ሲደክም ንጣቱም ይደክማል፣ የቀለበቱ ዳርም ይደበዝዛል። ካፈሰሳችሁ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ትርፉን ድፉ፣ ከዚያ ጥቁር ነገር ላይ አስቀምጣችሁ አንብቡ። አሲዱ ኮሎኒውን ስለሚገድል ማቆየት የምትፈልጉትን ቀድማችሁ ወደ ሌላ ፕሌት አዛውሩ።

አዘዞ፦ ለጠርዙ ቀለበት የምጠረጥረው አውቶክሌቩን ነው። ደረቅና የተሸበሸበ ኮሎኒ ባሲለስን ይመስላል፤ ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን በቀለም የሚለይ ምርመራ) ሥሩለት። እነ ባሲለስ ሰብቲሊስም ዲኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም ወደ ውጭ ስለሚያወጡ ቀለበቱ ራሱ ሐሰት አይደለም፣ የሌላ ባክቴሪያ ነው እንጂ።

15 ፒኤስአይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 11.3 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ጌጁ 15 ሲል ውስጡ ከ117 እስከ 118 ዲግሪ ነው፤ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር) በ15 ደቂቃ ላይሞት ይችላል። 121 ለማግኘት ጌጁ 18.5 አካባቢ መድረስ አለበት። ነገር ግን ማሽኑና ሴፍቲ ቫልቩ ያንን ግፊት መቻላቸውን ሳታረጋግጡ አትሞክሩት፤ ቫልቩንም በፍጹም አታጥብቁ። ካልቻለ በ15 ፒኤስአይ ወደ 35 ደቂቃ አራዝሙት። ቫልቩን ከመዝጋታችሁ በፊት እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ እስኪወጣ አየሩን አስወጡ፤ አየር ከቀረ ጌጁም ይዋሻል። በስፖር ስትሪፕ (ስፖር ባለበት መፈተሻ ወረቀት) ፈትሹት፤ በአውቶክሌቭ ቴፕ ቀለም ብቻ አትመኑ።

አራዳ፦ አዘዞ ያለውን እደግፋለሁ፣ ግን ከኮንትሮሉም አትለፉ። ብዙ ባክቴሪያ ከተለጠፈ ወይም ፕሌቱ ላይ ላብ ካለ ምልክቱ ይስፋፋል። ፕሌቱን ክዳኑን ገለጥ አድርጋችሁ አድርቁ፣ በሉፕ ጫፍ ትንሽ ነጥብ ብቻ ዝሩ። አንዳንድ ኮአጉላዝ (ፕላዝማ የሚያረጋ ኢንዛይም) የሌለው ስታፍም ዙሪያውን በደካማው ያጠራል፤ ዲኤንኤዝ የማያወጣ ኦሪየስም አለ። ስለዚህ በዚህ ፈተና ብቻ ኦሪየስ ብላችሁ አትጻፉ። ቱቦ ኮአጉላዝ ጨምሩ፤ 4 ሰዓት ላይ ማየት እንዳይረሳ፣ ስታፊሎካይኔዝ የሚባለው የባክቴሪያው ኢንዛይም የረጋውን መልሶ ሊያሟሟው ይችላልና።

ማራኪ፦ እግዜር ይስጥልን። ኢ. ኮላይም ዲኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም አለው ይባላል፤ ታዲያ ፕሌቱ ላይ ለምን አይጠራም?

ቀሃ፦ አለው፣ ኢንዶኑክሌዝ አንድ ይባላል። ግን በውስጠኛውና በውጨኛው ሽፋን መካከል ስለሚቀር አጋሩ ላይ አይደርስም። ስታፍ ግራም ፖዘቲቭ ነው፣ የውጭ ሽፋን የለውም፤ ፕሮቲኑ ከፊቱ ባለው መሪ ቅንጣት ተመርቶ በሴክ መንገድ (ፕሮቲን ከሴሉ በሚወጣበት ሥርዓት) ከወጣ በቀጥታ ውጭ ነው። ሴራሺያ ማርሴሰንስ ግን ግራም ኔጋቲቭ ሆኖም ኑክሌዙን ወደ ውጭ ስለሚያወጣ ፕሌቱን ያጠራዋል። የስታፉ ኢንዛይም ካልሲየም ይፈልጋል፤ አጋሩ ውስጥ ካልሲየም የሚይዙት ኢዲቲኤ ወይም ሲትሬት ከገቡ ሥራው ይቆማል።

አዘዞ፦ ሙቀት የሚችለውን የኦሪየስ ኑክሌዝ ለይቶ የሚያሳየው የቶሉዲን ሰማያዊ አጋር ይሻላችኋል፤ ወዲያው ከተጠቀማችሁበት አውቶክሌቭ አይፈልግም። ለ1 ሊትር ውሃ ትሪስ 6.1 ግራም አሟሙታችሁ ፒኤቹን 9 አድርጉ። ዲኤንኤ 0.3 ግራም፣ ጨው 10 ግራም፣ አጋር 10 ግራም፣ ካልሲየም ክሎራይድ 1.1 ሚሊ ግራም ጨምራችሁ እስኪሟሟ አፍሉ፤ በመጨረሻ ቀለሙን 0.083 ግራም። ሲረጋ 2 ሚሊ ሜትር ጉድጓድ ቅደዱና ለ15 ደቂቃ የፈላ የብሮዝ ካልቸር (በፈሳሽ ምግብ ያደገ ባክቴሪያ) ሙሉበት። እርጥበት ባለው ዕቃ 37 ዲግሪ 4 ሰዓት፤ ከጉድጓዱ ጠርዝ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ሮዝ ከወጣ ፖዘቲቭ ነው። ጎንደር ላይ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ በ100 ዲግሪ የሚሠራ ሂት ብሎክ ካላችሁ ክዳኑ በሚጠብቅ ቱቦ አሙቁ። ከሌለም የኤፒደርሚዲሱን ካልቸር አብራችሁ አፍሉት፤ እሱ ሮዝ ካሳየ የዚያን ቀን ፕሌት አትቁጠሩት።