ስለ ባዙ ፌርፊልድ ሃውስ፦ ስለ አሠራሩና ስለ ጥገናው

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ስላለው ፌርፊልድ ሃውስ በተጀመረው ውይይት አንዲት እኅታችን «ጃንሆይ ከፋሺስት ወረራ ተሰደው ሳለ በጣልያን ዓይነት ቤት ለምን ኖሩ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጥያቄው የብዙዎቻችን ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጃንሆይ በ1936 የገዙት ይህ ቤት የተሠራው በ1850 ገደማ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ጣልያን ገና አንድ መንግሥት አልሆነችም ነበር። ዘይቤውን ያስፋፉት እንግሊዛውያን ራሳቸው ናቸው። አርክቴክቱ ጆን ናሽ በ1802 ገደማ ክሮንክሂል የተባለውን ቤት በጣልያን ገጠር ቤቶች አምሳል ነድፎ ነበር፤ ፋሽኑ በአገሩ ሁሉ የተዛመተው ግን ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ከ1845 ጀምሮ በዋይት ደሴት ኦዝቦርን ሃውስን ካሠሩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ያለው ሁሉ ከከተማ ወጣ ብሎ እንዲህ ያለ ቪላ ማሠራት ያዘ። ስለዚህ ጃንሆይ የገቡበት የአንድ እንግሊዛዊ ባለጸጋ አሮጌ ቤት ነው፤ ከሙሶሊኒ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ልዩነቱን እንዲያዩ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ባዝ ስትሄዱ አስቀድማችሁ በከተማዋ ከ1767 እስከ 1774 የተሠራውን ሮያል ክሬሰንት የተባለ የቤቶች ረድፍ አሳዩአቸው። እዚያ 30 ቤቶች እንደ አንድ ቤተ መንግሥት በአንድ ልክ ተሰድረዋል። በጣልያናዊው ዘይቤ የተሠሩ ቪላዎች ግን ግራና ቀኛቸው እኩል እንዲሆን ግድ የላቸውም፤ ጣራቸው ዝቅ ያለ ተዳፋት ነው፣ የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው ወጣ ብሎ በድጋፎች ይያዛል፣ መስኮቶቻቸው ብዙ ጊዜ ከላይ ክብ ቅስት አላቸው፣ በአንዳንዶቹም ጎን አራት ማዕዘን ማማ ይቆማል። የከተማዋ ቤቶች የተሠሩበትን የባዝን ድንጋይ ደግሞ ቀርባችሁ ተመልከቱት፤ ማር የመሰለው ገጽ ጤፍ በሚያካክሉ ድቡልቡል ፍሬዎች የተሞላ ነው።

ለጥገና መዋጮ እናድርግ የሚለውን ሐሳብ ከልቤ እደግፋለሁ። ነገር ግን «ስንጥቁን በሲሚንቶ እንድፈን፣ መስኮቱን በፕላስቲክ እንቀይር» የተባለውን አጥብቄ እቃወማለሁ። ይህ ድንጋይ ለስላሳና ውኃ የሚመጥ ስለሆነ እርጥበቱ የሚወጣው በመጋጠሚያው ኖራ በኩል ነው፤ መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲታፈን እርጥበቱ በድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፣ በእንግሊዝ የብርድ ወራት ወደ በረዶነት ይለወጣል፣ ገጹንም እየላጠ ይጥለዋል። የጎንደርን ግንቦች በወረራው ዘመን ጣልያኖች በሲሚንቶ ጠግነዋቸው፣ በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ እንደገና በኖራ መታደስ አስፈልጓቸዋል። በመስኮት የሚገባውን ብርድ በተመለከተ፣ የንፋስ መከላከያ ጥብጣብና ከውስጥ በኩል የሚገጠም ተጨማሪ መስታወት በቂ ነው። ከዚህም በላይ ቤቱ የተመዘገበ ቅርስ ስለሆነ ያለ ፈቃድ መልኩን መለወጥ በእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ነው።

ጃንሆይ ቤቱን በ1958 ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጥተዋል። እኛም ገንዘብ ስንልክ ሥራው በኖራ ግንባታ ለሠለጠነ ባለሙያ እንዲሰጥ በደብዳቤ እንድንጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ደብዳቤውን ለማርቀቅ ፈቃደኛ ነኝ።