አስቸኳይ፦ የሪጉ (የቁፋሮ ማሽኑ) መቆጣጠሪያ ሳጥን ግሎ ይዘጋብናል፣ ፋን የት በኩል ልግጠምለት?

ቢቸና_ሪግ (ቀን 8፡10)
ወንድሞች ፈጠን በሉልኝ። ቢቸና አካባቢ የውሃ ጉድጓድ እየቆፈርን ነው። ዘንጉ 64 ሜትር ገብቷል፣ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ግን ሃያ ደቂቃ በሠራ ቁጥር የሙቀት መብራት አብርቶ ይዘጋል። ስናሳርፈው ይነሣል፣ ደግሞ ይዘጋል። ትናንት ከፍተን አቧራውን ጠራርገንለት ነበር። ውስጡ ፋን የሚባል ነገር የለውም! ጎኑን በድሪል በስቼ የኮምፒውተር ፋን ልግጠምለት ነው፤ የት በኩል ልብሳው? ዘንጉ ውስጥ እንዳለ ጉድጓዱ ቢደረመስ ማን ይከፍለዋል?

ወፍጮ_ቤት
ፔስት ቀይር። ሙቀት የሚያሻግረውን ነጩን ቅባት። የኔ ወፍጮም እንዲህ ሲያደርገኝ በሱ ነው የዳነው።

ዓባይ_ማዶ
ቢቸና ላይ ጋለ? ዓባይ በረሃ ብትወርድ ምን ልትል ነው! ጋቢ ደርበህለት እንዳይሆን።

ጋሼ_ቮልት
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያልፋል፣ የእናንተም አገር ከዚያ አይርቅም። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ስስ አየር ብዙ ሙቀት አይሸከምም። ለዚህ ነው የሞተር ድራይቭ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ማኑዋሎች ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከአቅሙ 1 በመቶ ቀንሱ የሚሉት። ስለዚህ በፋን ላይ ተስፋ አትጣሉ፤ ዋናው ጉዳይ ከፍታው ነው።

ቢቸና_ሪግ
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ማሽኑ እዚሁ ሁለት ወር ሠርቷል። ከፍታው ትናንት አልመጣም።

ደጋ_ዳሞት
እኔ ፋን የሚለውን ከመነሻው አልቀበለውም። ሳጥኑ በጎማ የታሸገው ሰሪው ፋን መግዣ አጥቶ ይመስልሃል? አቧራና ውሃ እንዳይገባ ነው። ብትበሳው የድሪሉ ፍርፋሪ ቦርዱ ላይ ይረግፍና ሾርት ያደርግልሃል። ያ ቢቀር እንኳ በሳምንቱ ጭቃ ይሞላዋል። የቁፋሮ ጭቃ አይደል እንዴ ያለህበት?

ቢቸና_ሪግ
እሺ አልበሳውም፣ ታዲያ ምን ላድርግ? ሰው እየጠበቀኝ ነው።

ወፍጮ_ቤት
ፔስት አልኩህ እኮ።

ዓባይ_ማዶ
እስቲ ልክ ሲዘጋ ሳጥኑን ከውጭ በእጅህ ዳስሰው። እንቁላል ይጠብሳል ወይስ ጠላ ያቀዘቅዛል?

ቢቸና_ሪግ
ለብ ያለ ነው፣ እንዲያውም ቀዝቃዛ ማለት ይቻላል። ሙቀቱ ውስጥ ታፍኗል ያልኩት ለዚህ እኮ ነው!

ሉማሜ_ጋራዥ
ዓባይ_ማዶ ሲቀልድ ነገሩን አገኘው። ውስጡ እየነደደ ሳጥኑ ከቀዘቀዘ፣ ሙቀቱ ከካርዱ (ውስጥ ከተሰካው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ወደ ሳጥኑ ግድግዳ የሚሻገርበት መንገድ ተቆርጧል። ካርዶቹን ስታወጣ ግራና ቀኝ ጠርዛቸው ላይ ጣት የሚያህል፣ በሰያፍ የተቆራረጠ፣ ጫፉ ላይ ብሎን ያለው አልሙኒየም ነበረ?

ቢቸና_ሪግ
አዎ። ስንመልሳቸው ካርዱን አላስገባ ስላሉን ከሁለቱ ካርዶች ላይ ፈተን አወጣናቸው። ዝም ብሎ መያዣ መስሎን። ካርዶቹ እንዳይንቀጠቀጡ በጎን በኩል ካርቶን ጠቅጥቀንባቸዋል። ሌሎቹን ሁለት ካርዶች አልነካንም።

ዓባይ_ማዶ
ጋቢ አልኩ አላልኩም?!

ሉማሜ_ጋራዥ
እሱ ሽብልቅ ነው። የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ የምትመታበትን አስብ። ብሎኑን ስታጠብቅ ሰያፎቹ ቁራጮች አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ወደ ጎን ያብጣሉ፣ የካርዱን ጠርዝ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ግጥም አድርገው ይጫኑታል። ሥራው ሁለት ነው፤ ካርዱ በንቅጥቅጥ ከሶኬቱ እንዳይወጣ ይይዘዋል፣ ሙቀቱንም ከካርዱ የአልሙኒየም ሳህን ወደ ግድግዳው ያሻግራል። ከዚያ በውጭ ባሉት ክንፎች ይወጣል። ፋኑ የቀረው ለዚህ ነው። አልሙኒየም ሙቀት በማስተላለፍ አየርን ከ6,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። አንተ ደግሞ በመሃል አየርና ካርቶን አስገባህበት።

አላስገባ ያለህ ሳይላላ ስላስገባኸው ነው። ኤሌክትሪኩን አጥፋ፣ ካርዱን ከመንካትህ በፊት ሳጥኑን ነካ አድርግ። ካርቶኑን አውጣ። ካርዱ የሚገባበትን ቦይ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጥረገው፤ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፍቀው፣ ልባሱ ይነሣል። ሽብልቁን ሙሉ በሙሉ አላላው፣ ካርዱን ሶኬቱ እስኪነክስ ድረስ ግፋው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በብሩጎላ (ባለስድስት ጎን መፍቻ) ግራና ቀኙን እያፈራረቅህ አጥብቅ።

ጋሼ_ቮልት
ይኼኛው ትክክል ነው። ግን እንደ ጎማ ብሎን እንዳትጨቁነው። የነዚህ ትንንሾች ጥብቀት ብዙውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 1.1 ኒውተን ሜትር ነው፣ በሁለት ጣት የምታጠብቀው ያህል። ካለፈ ጥርሱ ይበላል ወይም ካርዱ ይጣመማል። የሳጥኑ መመሪያ ካላችሁ እሱን እመኑ። ስለ ከፍታው ያልኩት ግን እንዳለ ነው።

ወፍጮ_ቤት
እዚያ ጠርዝ ላይስ ፔስት ቢቀባ?

ደጋ_ዳሞት
ይተው ወንድሜ። ብረት በብረት ነው የሚጫነው፤ ፔስቱ የሚሰበስበው አቧራ ነው።

ቢቸና_ሪግ (ማታ 12፡40)
ከአራቱ ሽብልቅ ሦስቱ ብሎን መጣያው ቆርቆሮ ውስጥ ተገኙ። አንዱ የለም። ረዳቱ «ጥሩ አልሙኒየም ነው» ብሎ ምን እንዳደረገው እግዜር ይወቅ። በሦስት ይሠራል?

ሉማሜ_ጋራዥ
የትኞቹ ካርዶች ናቸው? አንዱ የኃይል ካርድ ከሆነ፣ ወፍራም የሽቦ ጥቅልና ትልልቅ ካፓሲተር ያለበት፣ ለሱ ሁለቱንም ስጠው። አብዛኛውን ጊዜ የሚግለው እሱ ነው። ያ አንድ ብቻ የቀረው ሌላኛው ካርድ ይሁን፣ ግማሽ መንገድ ይኖረዋል። ዘንጉን እስክታወጣ ይበቃሃል፣ ግን ቁፋሮ አትቀጥልበት። በተለይ በዚያ መንገድ ሳጥኑን ጭነህ እንዳትሄድ፤ ያልተያዘው ጠርዝ ሶኬቱን ይሰብርብሃል።

ቢቸና_ሪግ (ማታ 2፡05)
ካርቶኑ ወጣ፣ ሦስቱም ታሰሩ። ሃምሳ ደቂቃ ሆነው፣ አልዘጋም። ሳጥኑ አሁን ከውጭ እጅ ያቃጥላል! ይኼ ደህና ነው ወይስ

ሉማሜ_ጋራዥ
ደህና ነው፣ ሙቀቱ መውጣት ጀመረ ማለት ነው። ዘንጉን አውጣ አሁኑኑ።

ዓባይ_ማዶ (ከሦስት ቀን በኋላ)
ቢቸና፣ ዘንጉ ወጣ? ውሃውስ?

ደጋ_ዳሞት
ረዳቱስ?

ወፍጮ_ቤት
ሰው ከጠፋ እኔ ልጠይቅ። የወፍጮዬ ድራይቭ ዛሬ እንደገና ዘጋ። ፔስቱን ሦስተኛ ጊዜ ነው የቀየርኩት።