ሳራዬቮና ሞስታር ልንሄድ ነው፤ የምታውቁ ምከሩን

የፍራንክፈርቷ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኛዬ ጋር በመስከረም ቦስኒያ ልንሄድ አስበናል። ሁለታችንም የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ አለን። ቪዛ ያስፈልገናል? ከ1990ዎቹ ጦርነት የቀረ የተቀበረ ፈንጂ አለ የሚባለው እውነት ነው? ስለ ጦርነቱስ ማውራት ይቻላል ወይስ ነውር ነው? እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሷ ሙስሊም ናት፤ የምግቡንም ነገር ንገሩን።

ሐበሻ ከቪየና፦ እህቴ፣ ቦስኒያ የአውሮፓ ኅብረትም የሸንገንም አባል አይደለችም። ሆኖም የሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ለአጭር ጊዜ ያለ ቪዛ ያስገቡታል። ሕግ ስለሚለዋወጥ ትኬት ሳትቆርጡ በርሊን ያለውን ኤምባሲያቸውን ጠይቁ። ካርዱንም ፓስፖርቱንም ያዙ፤ አንዱ ብቻውን አይበቃም።

የጀርመን ሲማችሁን ዳታ ድንበር ላይ አጥፉት። የኅብረቱ ሮሚንግ እዚያ አይሠራም፣ ሂሳቡ ጉድ ያደርጋችኋል። ገንዘባቸው ማርክ ይባላል፤ 1 ዩሮ 1.95 ማርክ ገደማ ነው፣ ምንዛሬው ቋሚ ነው። ትንንሽ ቤቶች ካርድ ላይቀበሉ ስለሚችሉ ጥሬ ገንዘብ ይኑራችሁ።

ተራራ ወዳጅ፦ ፈንጂው እውነት ነው፣ ግን ከተማ ውስጥ አያሳስባችሁም። ገጠርና ጫካ ውስጥ ምልክት ካለው መንገድ አትውጡ፤ የፈረሰ ባዶ ቤትም ለፎቶ ብላችሁ አትግቡ። የራስ ቅል ያለበት ቀይ ምልክት ካያችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ከሳራዬቮ ወደ ትሬቤቪች ተራራ ግን በኬብል መኪናው ውጡ። በጦርነቱ ወድሞ በ2018 (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) ነው እንደገና የተከፈተው። የ1984ቱ የክረምት ኦሎምፒክ የበረዶ መንሸራተቻ ቦይ ግራፊቲ ለብሶ እዚያ አለ።

ዝምታ ወርቅ፦ ስለ ጦርነቱ ባታነሱ ይሻላል። ቁስሉ አልደረቀም።

የሞስታር ወዳጅ፦ ከላይ ባለው አልስማማም። ሰዎቹ ራሳቸው ያነሱላችኋል። ሳራዬቮ ከ1992 እስከ 1996 በቦስኒያ ሰርብ ኃይሎች ተከባ ነበር፤ ጎልማሳ የሆነ ሁሉ የሚያስታውሰው አለ። የሚያስቀይመው «አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?» የሚለው ነው። ገና ሳይተዋወቁ ብሔር ሲጠየቅ ምን እንደሚሰማ እኛ አናጣውም። ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለውን ዋሻ እዩ። በ1993 በማኮብኮቢያው ስር የተቆፈረ፣ 800 ሜትር ገደማ የነበረ ነው፤ ምግብም መሣሪያም ቁስለኛም በሱ ነበር የሚያልፈው። አሁን ክፍት የሆነው ትንሹ ክፍሉ ነው። ስሬብሬኒትሳ ከሄዳችሁ መካነ መቃብሩ ፖቶቻሪ ነው። በሐምሌ 1995 ከ8,000 በላይ ቦስኒያክ (የቦስኒያ ሙስሊም) ወንዶችና ወንዶች ልጆች በቦስኒያ ሰርብ ኃይሎች ተገድለዋል። ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤቶች የዘር ማጥፋት ብለውታል፣ እዚያው ቦስኒያ ውስጥ ባለው በሰርቦቹ ክልል ግን ዛሬም የሚክዱ ፖለቲከኞች አሉ። እዚያ ካፌ ውስጥ ክርክር አትግጠሙ።

ሞስታር ደግሞ እደሩ። ብዙው ቱሪስት ከክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ በአውቶቡስ መጥቶ ማታ ይመለሳል። በ1566 ያለቀው ድልድይ በኅዳር 1993 በክሮአት ኃይሎች መድፍ ፈርሶ በ2004 ነው እንደገና የተከፈተው። ጠዋት ቱሪስቱ ሳይደርስ እዩት። ከሳራዬቮ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ የኔሬትቫን ወንዝ ተከትሎ ሲወርድ መስኮቱን አትለቁም።

ኡም አማር፦ ለሙስሊሟ እህታችን፦ የሳራዬቮ አሮጌው ገበያ ባሽቻርሺያ ሐላል በሽ በሽ ነው፤ ቼቫፒውን (የተፈጨ ሥጋ ጥብስ ነው) በሽንኩርት ብሉ። በክሮአትና በሰርብ አካባቢ ግን የአሳማ ሥጋ ስላለ ጠይቂ። የጋዚ ሁስሬቭ በይ መስጊድ፣ የሰርቦቹ አሮጌ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ የካቶሊኩ ካቴድራልና ምኩራቡ ሁሉም በእግር ይደረስባቸዋል። መሸፈኛ ሻሽ ሁለታችሁም ያዙ።

ለጾመኛዋ፦ ቡሬክ (በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ጋግር) ሲሉሽ ውስጡ ሥጋ ነው። የድንቹን ከፈለግሽ ክሮምፒሩሻ በዪ፣ ቅቤ ወይም ክሬም እንዳላስነኩት አረጋግጪ። በሰርቦቹ አካባቢ «ፖስኖ» ካልሽ የጾም መሆኑ ይገባቸዋል፤ ዓሣ ግን ሊያመጡልሽ ይችላሉ።

የፍራንክፈርቷ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ከዚያ ወደ ቤልግሬድ በአውቶቡስ ብንሄድስ?

ሐበሻ ከቪየና፦ ይቻላል። ብዙዎቹ የሚነሱት ከመሀል ከተማው ሳይሆን በሰርቦቹ ክልል ካለው የምሥራቅ ሳራዬቮ መናኸሪያ ነው፤ ትኬት ላይ የተጻፈውን መነሻ አስተውሉ። የሰርቢያን የመግቢያ ሕግ ደግሞ ለብቻው አጣሩ።