ለጀማሪ ተመራማሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ ስመዘገብ ምን ልያዝ?

ጥያቄ (የቃሉ ልጅ፣ ኮምቦልቻ)
በ2016 ዓ.ም. በዕፅዋት ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄና የመውጫ ፈተናውን አልፌ፣ አንድ ዓመት በግል ዘር አባዥ ድርጅት ሠርቻለሁ። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የቅጥር ማስታወቂያ ሲያወጣ መወዳደር እፈልጋለሁ። የግል ድርጅት ልምዴ ይያዝልኛል? ለፈተናውስ ምን ላጥና?

መልስ (የሰው ሀብት ባለሙያ፣ ደሴ)
እህቴ፣ የግል ድርጅት ልምድ የሚያዘው የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው። የልምድ ደብዳቤው ሥራ የጀመርሽበትንና ያቆምሽበትን ቀን፣ የሥራ መደቡን መጠሪያና ደመወዝሽን ይግለጽ፤ «በድርጅታችን ሠርታለች» ብቻ የሚል ከሆነ መዝጋቢው ሊመልስሽ ይችላል። ምዝገባው ለጥቂት ተከታታይ የሥራ ቀናት ብቻ ስለሚቆይ ወረቀቱን ከአሁኑ አሟዪ፤ ዋናውንም ፎቶ ኮፒውንም ይዘሽ ሂጂ።

መልስ (የጦሳ ሥር)
መደቡ ዜሮ ዓመት የሚጠይቅ ከሆነ ስለ ልምዱ ብዙ አትጨነቂ፣ አብሽሪ። ይልቅ ስምሽን አስተያዪ፦ እኔ በዲግሪዬ ላይ የአያቴ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንድ ፊደል ተርፎት ከመታወቂያዬ ጋር ባለመግጠሙ ሁለት ቀን ተመላልሻለሁ።

መልስ (ከመርሳ)
ስሪንቃ የሚተዳደረው ባሕር ዳር በሚገኘው የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ስለሆነ፣ ማስታወቂያውን በኢንስቲትዩቱም በበኩር ጋዜጣም ተከታተዪ፤ መልካሳና ቁሉምሳ የተባሉት የምርምር ማዕከላት ግን የፌዴራሉ ናቸው። ለፈተናው ትርጉም ከመሸምደድ ይልቅ የሙከራ አነዳደፍን፣ ማለትም ሙከራ ማሳ ላይ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ በደንብ ያዢ። ለምሳሌ ማሳው ተዳፋት ቢሆን ብሎኮቹን (ሙከራው የሚደገምባቸውን የማሳ ክፍሎች) በየት በኩል ትዘረጊያለሽ? ተዳፋቱን ተከትለሽ ሳይሆን አግድም ነው፤ ያን ጊዜ በአንድ ብሎክ ውስጥ ያሉት ትናንሽ የሙከራ መደቦች ተቀራራቢ አፈር ያገኛሉ፣ የአፈሩ ልዩነትም በብሎኮቹ መካከል ይቀራል። ቃለ መጠይቅ ካለ ደግሞ የቆቦን ማሽላና አቀንጭራን ማወቅ ይጠቅምሻል። አቀንጭራ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አያይዞ የሚመጠምጥ አረም ነው፤ አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ «ይታረማል» ብለሽ አትለፊው፤ ሳያብብ መንቀልን፣ ተቋቋሚ ዝርያን፣ ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅንና ማዳበሪያን አያይዘሽ አስረጂ።

የጠያቂዋ ምላሽ
እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤዬን አውጥቼ ሳየው ደመወዜም ሆነ ግብሩ አልተጠቀሰበትም፤ ሰኞ ጠዋት ድርጅቱ ዘንድ ሄጄ አስተካክዬ አስጽፋለሁ።