ምጥ ሲመጣ ዓይኔን የት ላሳርፍ?

ሐይቅ ዳር
እህቶች፣ 34ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ የመጀመሪያዬ ነው። ሆዴን ያየ ሁሉ የምጥ ታሪኩን ይዘከዝክልኛል። ባለፈው ፀጉር ቤት አንዷ ስትተርክ ሹሩባዬ ሳያልቅ ተነስቼ ልሄድ ምንም አልቀረኝም።

የክትትል ነርሷ "ደስ የሚልሽን ምስል እያየሽ ቀስ ብለሽ መተንፈስ ተለማመጂ" አለችኝ። እናቴ ምስለ ፍቁር ወልዳን ከራስጌዬ ሰቅላልኛለች። እመቤታችን ልጇን አቅፋ፣ ሚካኤልና ገብርኤል ግራና ቀኝ። እወደዋለሁ፤ ግን ሳየው እንባዬ ይመጣል። ልቤን የሚያሳርፈው ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ በጠዋት ያነሳሁት ፎቶ ነው። ውሃው ጸጥ ብሏል፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ላይ፣ ዳር ላይ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ መላጣ ወፍ፣ ቆሟል። ባሌ "ለምጥ አባ ኮዳ?" እያለ ይስቅብኛል። እውነት የረዳችሁ አለ? ወይስ ምጡ ሲመጣ ሁሉም ይረሳል?

የሁለት ልጆች እናት
አይዞሽ የኔ ቆንጆ። እኛ ፕሮቴስታንት ነን፣ ቤታችን ስዕል አይሰቀልም። እኔ የተለማመድኩት በአያቴ ጓሮ ነው፣ ያውም በሐሳቤ፦ ዝናብ ካባራ በኋላ ከእንሰቱ ቅጠል ውሃ ጠብ ጠብ ሲል። ምጡ ራቅ ራቅ እያለ ሲመጣ ጠብታ እየቆጠርኩ እተነፍስ ነበር፤ በጣም ረዳኝ። ሲጠና ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እንሰቱም ጠፋ ባሌም ጠፋ። የቀረልኝ ትንፋሹ ነው። ለምጄው ስለነበር ሳላስበው ረጅም ረጅም አወጣሁ። ዛሬውኑ ጀምሪ፣ ማታ ማታ አስር ደቂቃ። ደግሞ ፎቶውን አሳጥቢው። ስልክ ላይ ከሆነ መሃል ላይ አክስትሽ ትደውላለች።

አዋላጅ ነርስ ነኝ
ነገሩ አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ፈርናንድ ላማዝ የሚባል ፈረንሳዊ የማህፀን ሐኪም እናቶችን አተነፋፈስ ያስተምር ነበር። ዓይንን አንድ ነገር ላይ መትከልም ከዚያ ትምህርት ጋር የተለመደ ነው። ስትፈሪ ሰውነትሽ ይወጣጠራል፣ ሕመሙም ይብሳል። ምጥ ደግሞ መጥቶ ይመለሳል፤ አንዱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ፎቶው ለዚያች ደቂቃ ነው። ማስታገሻ መጠየቅም ነውር የለውም። ደም ካየሽ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ራስሽን በኃይል ካመመሽ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ፎቶውን ተዪና ወዲያው ሆስፒታል ሂጂ።

ሐይቅ ዳር
ዛሬ ፒያሳ ፎቶ ቤት ሄጄ አሳጠብኩት። እናቴ ከስዕሉ ዝቅ አድርጋ ለጠፈችልኝ። አባ ኮዳውን በጣቷ ሸፍና "ይሄን ግን ቆርጠሽ አውጪው" አለች። እምቢ አልኩ።